መከላከል የጉልበት ነው ወይስ የትውውቅ? ስለ ራግቢ የተነሳ የደሴና የኮምቦልቻ ክርክር

በመድረኩ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈትሁት እኔ ነኝ። መልሱ እየበዛ ሄዶ ዘግይተው የገቡ አንባቢዎች ከየት እንደሚጀምሩ ግራ ስለተጋቡ፣ ማን ምን እንዳለ በተራ ቁጥሩ እየተከተልሁ በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ። ፍርዴንም አልደብቅም፤ በራሱ ዓይን ማየት የሚፈልግ ዋናዎቹን መልሶች ከታች ያገኛቸዋል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ኮምቦልቻ ውስጥ ራግቢ የሚከፍት ካፌ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ቢገኝም የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሲደርስ ጣቢያው ይቀየራል። እንደዚያም ሆኖ የ2023ቱን የዓለም ዋንጫ የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ሳያስገርመው አይቀርም። ደቡብ አፍሪካ በሩብ ፍጻሜ ፈረንሳይን 29 ለ28፣ በግማሽ ፍጻሜ እንግሊዝን 16 ለ15፣ በፍጻሜው ኒውዚላንድን 12 ለ11 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስቱም በአንዲት ነጥብ። ኳሱን ከመስመሩ ማዶ መሬት ማስነካት፣ ማለትም ትራይ፣ ብቻውን 5 ነጥብ በሚያስገኝበት ስፖርት በአንዲት ነጥብ ብልጫ ሦስት ጊዜ ማምለጥ የአጥቂ ሥራ ሳይሆን የተከላካይ ሥራ ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ በየቡድኑ 15 ሰው ይሰለፋል፣ ጨዋታው 80 ደቂቃ ነው፣ ኳስ በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነው። ስለዚህ አጥቂው ቡድን ከኳሱ በስተኋላ ተዘርግቶ ይመጣል፤ ተከላካዩ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶ ይጠብቀዋል። ሜዳው እስከ 70 ሜትር ይሰፋል። ለረጅም ምት ከኋላ የሚቆዩት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ሲቀነሱ፣ መስመሩ ላይ ለቆመው ለእያንዳንዱ ሰው ከአምስት ሜትር በላይ ይደርሰዋል። በዚያች ቦታ ሁለት አጥቂዎች በአንድ ጊዜ ቢመጡብህ የትኛውን ትይዛለህ? ዞረህ ጎረቤትህን ካየህ አልፈውሃል። ሳታይ መወሰን አለብህ፤ ሳያይ የሚወስን ሰው ደግሞ አጠገቡ የቆመው ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። ስለዚህ በራግቢ መከላከል ከትከሻ ስፋት ይልቅ የትውውቅ ጉዳይ ነው እላለሁ። የምትስማሙም የማትስማሙም ተናገሩ።

መልሶቹ

1ኛው መልስ የመጣው ከደሴ ሲሆን ጸሐፊው ራሱን የጦሳ ልጅ ይላል። ሰላምታውን አድርሶ፣ የኮምቦልቻን ሙቀት ጠይቆ፣ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ አለ። ምሳሌው ግን ከእግር ኳስ ነበር፦ አርሰናል በ1998–99 የውድድር ዘመን በ38 ጨዋታ የተቆጠረበት 17 ጎል ብቻ መሆኑን፣ ከተከላካዮቹም ዲክሰን፣ አዳምስና ዊንተርበርን ለአሥር ዓመት ገደማ አብረው የተጫወቱ እንደነበሩ አስታወሰ።

2ኛው ወዲያው አረመው። ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም ያ ቡድን በ78 ነጥብ ሁለተኛ እንደወጣ፣ ዋንጫውን ማንቸስተር ዩናይትድ በ79 ነጥብ እንደወሰደ አስታወቀ። የአስተውሎት ሳይሆን የደጋፊነት እርማት እንደሆነ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። 3ኛውም ይኸንኑ ቀጠለ፤ እዚያ ላይ አልቆይም። እዚህ አገር ከየትም ተነስቶ አርሰናልና ማንቸስተር ዘንድ የማይደርስ ወሬ የለም።

ክሩን ነፍስ የዘራበት 4ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው በቦርከና ስም የሚገባ፣ ኮምቦልቻ ተወልዶ ያደገ፣ አሁን ናይሮቢ የሚሠራ ሰው ነው። ቅዳሜና እሁድ ከአንድ አማተር ቡድን ጋር ይለማመዳል። ረጅም ጽፏል፤ አንዲት ቅጽበት ይዞ ፈታታት።

ኳስ የያዘው አጥቂ ተይዞ ወደቀ እንበል። ከሁለቱም ወገን ሰዎች ኳሱ ላይ ይከመራሉ። ተከላካዮቹ ከክምሩ የመጨረሻ እግር ኋላ መቆም አለባቸው፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ካለፉ ቅጣት ነው። ከክምሩ ግራና ቀኝ ተጠግተው የሚቆሙት ሁለት ሰዎች ኳሱ እስኪወጣ ድረስ ምንም ቢያዩ ንቅንቅ አይሉም፤ የእነሱ ሥራ በጠርዙ የሚሾልከውን መዝጋት ብቻ ነው። ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ሰው ድምፅ ይሰጣል፣ ሌሎቹ ማን ማንን እንደያዘ በእጃቸው እያመለከቱ ጮክ ብለው ይናገራሉ። ኳሱ ሲወጣ መስመሩ በአንድነት ወደ ፊት ይሮጣል። አንዱ ሁለት እርምጃ ከቀደመ ትከሻው ኋላ በር ይከፈታል፤ አጥቂ የሚፈልገው ያንን በር ነው። ሁለት እርምጃ ከዘገየም ያው ነው።

ከዚያ ስለ ራሱ ተናገረ። መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነበር። ፈጣን ስለሆነ አይደለም፤ በውስጥ በኩል ያለው ጎረቤቱ ይደርስልኛል ብሎ ስለማያምን ነው። ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ ግን ያ ሰው አሮጌ ጉዳት ስላለበት በግራ ትከሻው መያዝ እንደሚፈራ አወቀ። ማንም አልነገረውም፤ ሲወድቅ እያየ ተማረው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰው ግራ በኩል ሲሰለፍ ግማሽ እርምጃ ጠጋ ብሎ ይቆማል። አሠልጣኙ ሰሌዳ ላይ የሚሥለው መስመር ይህን ግማሽ እርምጃ አያሳይም። እኔ ከመላው ክር አንድ ነገር አስቀር ብባል የማስቀረው ይህንን ነው።

5ኛው መልስ ሮቢት በሚል ስም ከሚገባው ሰው ነው፤ በዚህ መድረክ ማንንም ሳይነካ የሚያልፍ ሰው አይደለም። ትውውቅ የሚባለውን ነገር የዕድር ወሬ አደረገው። መከላከል የአሠልጣኝ ሥራ ነው ብሎ ሾን ኤድዋርድስን ጠራ። ሰውየው የመጣው 13 ሰው ከሚጫወትበት ራግቢ ሊግ ነው። በ2008 ከዋና አሠልጣኙ ከዋረን ጋትላንድ ጋር ዌልስን ሲይዙ ለዝግጅት የነበራቸው ጊዜ በሳምንታት የሚቆጠር ነበር። ዌልስ ግን በዚያ ዓመት የስድስቱ አገሮች ውድድር አምስቱንም ጨዋታ አሸነፈች፤ በአምስቱ ጨዋታ የገባባት ትራይ ሁለት ብቻ ነው። ይኸው ቡድን ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ2007 የዓለም ዋንጫ፣ በፊጂ 38 ለ34 ተሸንፎ ተሰናብቶ ነበር። ሮቢት ሲደመድም፣ ሰዎቹ በአራት ወር ውስጥ አዲስ ትውውቅ አልፈጠሩም፤ የተለወጠው አስተማሪው ነው አለ። ጠንካራ ነጥብ ነው። እኔን በስም ጠርቶ ከካፌ ወንበር ላይ ሆኖ ማስተማር ቀላል ነው ማለቱ ግን ነጥቡን አላጠነከረለትም።

6ኛው ሰው ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብሎ ወጣ። ሌላ አልጨመረም።

7ኛው አንበሳ የሚለውን ይዞ ወደ ሌላ አንበሳ ሄደ። የብሪታኒያና የአየርላንድ አንበሶች ቡድን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ከእንግሊዝ፣ ከዌልስ፣ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ የሚሰበሰብ ነው፤ ተጫዋቾቹ በቀረው ጊዜ እርስ በርስ የሚዋጉ ባላንጣዎች ናቸው። በ1997 ደቡብ አፍሪካ ሄደው የዓለም ሻምፒዮኑን በሦስት ጨዋታ 2 ለ1 አሸነፉ። እንግዲህ በሳምንታት የተገናኘ ቡድን ይህን ካደረገ ትውውቅ ምን ሊባል ነው ሲል ጠየቀ። በጨዋ አነጋገር ነው የጠየቀው።

8ኛው፣ ሐይቅ ዳር የሚባለው፣ ለሁለቱም መልስ ነበረው። ክሩ ላይ ከተጻፈው ሁሉ በመረጃ የጠነከረው የእሱ ነው። መጀመሪያ ለ7ኛው፦ በደርባን በተደረገው ሁለተኛ ጨዋታ አንበሶቹ 18 ለ15 ሲያሸንፉ ደቡብ አፍሪካ ሦስት ትራይ አስገብታባቸዋለች፤ እነሱ አንድም አላስገቡም። ያዳናቸው ደቡብ አፍሪካ ከትራይ በኋላ የሚሰጡትን ምቶች ሦስቱንም መሳቷ ነው። በእግር የተገኘ ድል የመከላከል ማስረጃ አይሆንም። ቀጥሎ ለሮቢት፦ ጋትላንድና ኤድዋርድስ የመጀመሪያውን ጨዋታ ከእንግሊዝ ጋር በትዊክንሃም ሲያደርጉ ካሰለፏቸው 15 ተጫዋቾች 13ቱ ከአንድ ክለብ፣ ከኦስፕሪስ፣ የመጡ ነበሩ። ጊዜ እንደሌላቸው ስላወቁ ተሠርቶ ያለቀ ትውውቅ ወሰዱ። ዌልስ 19 ለ6 ተመርታ ከቆየችበት ተነስታ 26 ለ19 አሸነፈች፤ እዚያ ሜዳ ላይ ካሸነፈች 20 ዓመት ሆኗት ነበር። ለፊጂ የተሸነፈው ቡድን ግን ከተለያዩ ክለቦች የተውጣጣ ነበር። ሐይቅ ዳር እዚህ ላይ ቢያቆም መልካም ነበር። ግማሽ ገጽ አንብቦ ሙሉ ገጽ የሚጽፍ ሰው አለ ብሎ ጨመረበት፣ እሳቱም ተቀጣጠለ።

9ኛው መልስ የሮቢት ነው፤ ከግማሽ በላዩ ስድብ ስለሆነ አልፈዋለሁ። ከውስጡ የምትጠቅመው አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፦ ትውውቅ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ዓመታት አብሮ የቆየ ክለብ ሁሉ ሻምፒዮን በሆነ ነበር፤ ተላምደው አብረው የሚያረጁ፣ ተላምደው አብረው የሚሸነፉም አሉ። 10ኛው ሐይቅ ዳር ነው፤ የሮቢትን ስድብ በስድብ መለሰ። ይህንንም እናልፈዋለን።

11ኛው ላይ ጋሼ አራዳ ገቡ። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡ፣ ደሴ አራዳ አካባቢ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሲጽፉ ማንም አያቋርጣቸውም። ሁለቱን ልጆቼ ብለው በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚለውን አስታወሷቸው፣ ከዚያም ስለ ገና ጨዋታ ራሱ ማውራት ጀመሩ። በልጅነታቸው በገራዶ በኩል መንደር ከመንደር ሲገጥም ግባቸውን የሚጠብቁት ከብት አብረው ያገዱ ልጆች እንደነበሩ ተናገሩ። አንድ ጥጃ ከመንጋው ሲያፈነግጥ ማን በየት በኩል ዞሮ እንደሚመልስ ሳይነጋገሩ ያውቁ ነበር፤ ሩሯ ስትመጣም እንደዚያው ያደርጉ ነበር። ከዚያ ወደ ዱላው እንጨት፣ ከእንጨቱ ወደ ደኑ መመናመን፣ ከደኑ ወደ ጦሳ ተራራ ሄዱ፤ ከራግቢ የወጣ ቢሆንም ደስ ብሎኝ አነበብሁት። ሮቢት በ12ኛው መልስ እርስዎ ካሉ እሺ ጋሼ ብሎ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

13ኛው መልስ ሐሳቡን በሌላ በኩል ገለበጠው። ጸሐፊዋ ደሴ የምታስተምር የስፖርት መምህርት ናት፤ የእጅ ኳስ ተጫውታለች። በእጅ ኳስ ስድስት ተከላካዮች በስድስት ሜትሩ መስመር ላይ ተደርድረው ሲቆሙ፣ አጥቂው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ተከላካዮቹም ይረካከቡታል። ርክክቡ የሚበላሸው ባልተዋወቁ ሰዎች መካከል ብቻ አይደለም አለች። ያልተዋወቁት ስለሚፈሩ ይጮኻሉ። በጣም የተዋወቁት ግን መናገር ያቆማሉ፤ ያውቀኛል ብለው ዝም ይላሉ። ከዚያ አንዱ ተቀይሮ አዲስ ሰው ሲገባ ዝምታው መሀል ይቆምና የማንን ሰው እንደሚይዝ ሳያውቅ ይቀራል። በራግቢ ተጠባባቂው 8 ሰው መሆኑን ከክሩ ስለተረዳች፣ በመጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎች የቡድኑ ግማሽ ያህል ሊቀየር ይችላል ማለት ነው ብላ፣ ታዲያ የምታወሩት ትውውቅ የ15 ሰው ነው ወይስ የ23 ብላ ጠየቀች።

ይህን ጥያቄ ማንም ደፍሮ በቀጥታ አልመለሰውም። ቦርከና በ14ኛው ላይ ደቡብ አፍሪካ በ2023ቱ ፍጻሜ ከ8 ተጠባባቂዎች ሰባቱን ከፊት ተሰላፊዎች መምረጧን ጠቅሶ፣ እነዚያ የሚገቡት እንደ እንግዳ ሳይሆን አብረው እንደለመዱ ሁለተኛ ቡድን ነው አለ። በከፊል መልስ ነው።

15ኛው ወደ አገር ቤት አዞረው። የእኛ ክለቦች የተጫዋች ውል አጭር ስለሆነ በየዓመቱ ግማሹ ሰው ይሄዳል፣ አዲስ ግማሽ ይመጣል፤ መስከረም ላይ የተገናኙ አራት ተከላካዮች ኅዳር ላይ ጎል ሲገባባቸው ግብ ጠባቂው ይሰደባል ሲል ተማረረ። የክለብ ስም አልጠራም፤ እኔም አልጠራም። እውነት ለመናገር ከራግቢው ይልቅ ብዙ አስተያየት የተሰጠው በዚህ ላይ ነው። 16ኛው ግን ወዲያው ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ፉክክር ወሰደው። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ስለምትበልጥ የደሴ ልጅ ሳንባው ሰፊ ነው፣ በ70ኛው ደቂቃም መስመሩን አይለቅም አለ። 17ኛው የኮምቦልቻ ሰው መልሶ፣ በራግቢ እንግዳ ቡድን በከፍታው የሚያማርርበት የጆሃንስበርግ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ያህል መሆኑን፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከዚያም እንደምትበልጥ ገልጾ አፉን አዘጋው። ከዚያ ጥቂት መልሶች ስለ ሚኒባስ ታሪፍ ናቸው።

21ኛውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። በሁለቱ ጎራዎች መካከል ያለው ጠብ የተፈጠረው መከላከልን እንደ አንድ ሥራ በመቁጠራችን ይመስለኛል። መስመሩን ይዞ በአንድነት መውጣት፣ ማን ከክምሩ አጠገብ እንደሚቆም፣ ማን ድምፅ እንደሚሰጥ፣ ይህን ጥሩ አሠልጣኝ በሳምንታት ያስተምራል፤ ኤድዋርድስ አስተምሯል። መስመሩ ከተሰበረ በኋላ ያለው ግን ሌላ ነው። አጥቂው አልፎ ሲሮጥ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ሁሉ ይፈርሳል፤ አንዱ ኳስ የያዘውን ይከተላል፣ ሌላው ኳሱ ቀጥሎ የሚሄድበትን ይገምታል፣ ሦስተኛው ትቶ ወደ ግቡ ይሮጣል። እዚያ ላይ ሦስቱም አንድ ሰው ላይ ቢሮጡ ትራይ ነው። ሥራውን ሳይነጋገሩ መከፋፈል የሚችሉት አብረው ብዙ ጊዜ የተሰበሩ ሰዎች ናቸው። ጽናትንም ጨመርሁበት፦ በ2023 ሩብ ፍጻሜ ኒውዚላንድ አየርላንድን 28 ለ24 ስትመራ፣ አየርላንድ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ኳሱን ሳትለቅ 37 ጊዜ ያህል ደጋግማ ገፋች። ኒውዚላንዶች 37 ጊዜ ወድቀው ተነስተው ተሰለፉ፣ አንድም ቅጣት አልሰጡም፤ በመጨረሻ ኳሱ ላይ ደርሶ ጨዋታውን የጨረሰው ሳም ዋይትሎክ ነው። ከእሱ ጋር በዚያ ቡድን ከአሥር ዓመት በላይ ጎን ለጎን የተጫወተ ብሮዲ ሬታሊክ የሚባል ሰው ነበር።

ሮቢት በ22ኛው ተመለሰ፤ ጋሼን አክብሮ የድምፁን ከፍታ ቀነስ አድርጓል። በፍጻሜው ፒተር-ስቴፍ ዱ ቶይት 28 ጊዜ አጥቂ ይዞ መጣሉን አንስቶ፣ ይህ ከሳንባና ከልብ የመጣ እንጂ ከወዳጅነት የመጣ አይደለም አለ። ቼስሊን ኮልቢ በሩብ ፍጻሜው የፈረንሳዩን ቶማ ራሞስ ምት ሮጦ ማክሸፉንም ጨመረ፤ ያቺ ምት ሁለት ነጥብ ነበረች፣ ልዩነቱም አንድ ነጥብ። የግለሰብ ድፍረት ነው ሲል ደመደመ። ለዱ ቶይት እቀበለዋለሁ። 23ኛው ደግሞ ኮልቢ ቀድሞ ሮጧል፣ ሌብነት ነው ብሎ ጮኸ፤ 24ኛው በሕጉ መሠረት መቺው ወደ ኳሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ተከላካዩ መሮጥ እንደሚችል ነግሮት ጉዳዩ ተዘጋ።

በ25ኛው ቦርከና አንድ ሐሳብ አቀረበ። ሰባት ሰው የሚጫወትበትን ራግቢ ኮምቦልቻ ላይ እንሞክረው፣ መጣል ሳይኖር፣ ወገብ ላይ የተሰካ ጨርቅ በመንጠቅ ብቻ። ሜዳው የ15ቱ ስፋት ነው፣ ሰዓቱ ግን በየአጋማሹ 7 ደቂቃ ብቻ። ስድስት ሰው መስመሩን ይዘጋል፣ አንድ ሰው ከኋላ ይጠርጋል። አንዱ ከሳተ መደበቂያ የለም፤ ስለዚህ የክሩ ጥያቄ እዚያ ላይ ቶሎ ይፈተናል አለ። ኬንያ በ2016 ሲንጋፖር ላይ ፊጂን 30 ለ7 አሸንፋ ዋንጫ ማንሳቷን አስታውሶ፣ ያቺው ፊጂ በዚያው ዓመት ሪዮ ላይ ብሪታኒያን 43 ለ7 ረትታ የኦሎምፒክ ወርቅ መውሰዷንም አልደበቀም። ኳስ ከናይሮቢ እልካለሁ ብሏል።

ከዚያ ያለው ተግባራዊ ነው፦ ሜዳው የት ይሁን፣ ቅዳሜ ነው እሁድ፣ ደሴዎች ይወርዳሉ ወይስ ኮምቦልቻዎች ይወጣሉ። 29ኛው አንድ ልጅ ቢጫ ካርድ ያየ ሰው በሰባቱ ጨዋታ 2 ደቂቃ ይወጣልና የቀሩት ስድስቱ እንዴት ይቁሙ ብሎ ጠየቀ። ቦርከና የእነሱ ቡድን የኋላውን ሰው ወደ መስመሩ እንደሚያመጣው መለሰ። መምህርቷ በ31ኛው አልተስማማችም። በእጅ ኳስም ቅጣቱ 2 ደቂቃ ነው፤ አምስት ሲቀሩ መሀሉን ዘግተው ዳሩን ይለቃሉ፣ ከዳር የሚመታ ሰው ግቡ ይጠብበታልና። በራግቢም ትራይ ጥጉ ላይ ከገባ ቀጣዩ ምት የሚመታው ኳሱ መሬት በነካበት ትክክል ስለሆነ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከመሀል 7 ከመስጠት ከዳር 5 መስጠት ይሻላል ብላ አሰላችው። ሮቢት በ32ኛው፣ ዳሩን ለቅቆ ስለ መከላከል የሚያወራ ሰው አይቶ እንደማያውቅ ጽፏል። ቦርከና ገና አልመለሰም።